ጋራንቲው የሚሠራው የት ነው? ካሜራ ከመግዛታችን በፊት

ካሜራ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ «የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለው» ሳትባሉ አትወጡም። ሻጩ ካርዱን ከካርቶኑ ያወጣል፣ ያሳያችኋል፣ መልሶ ያስገባዋል። አብዛኛው ገዢ እዚህ ላይ ልቡ ይረጋጋል። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ዋጋ ብቻ ይሆናል። እኔ ግን ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ይህ ጋራንቲ የሚሠራው የት ነው?

ጥያቄው ለማንኛውም ገዢ ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ዳር ለምንኖር ግን የግድ ነው። ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬን፣ የካ አባዶን፣ ለገጣፎን፣ ሰበታን፣ ቡራዩን አስቡ። ኮንዶሚኒየም ባለበት ሁሉ መንገድ ዳር ፎቶ ቤት አለ። ፎቶ ቤት የሌላቸው፣ ካሜራቸውን በቦርሳ ይዘው ሰርግ፣ ክርስትና፣ ልደትና ምርቃት የሚሠሩ ወጣቶች ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በዚያች ካሜራ ነው። ብዙዎቹ የሚገዙት እቁብ ሲደርሳቸው ወይም ከዘመድ ተበድረው ነው። ካሜራዋ ስትቆም ገቢው ይቆማል፤ ብድሩ ግን አይቆምም።

ዋጋውም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ካሜራ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ወጣ። ያገለገለውም ተከትሎ ተወደደ። ስለዚህ ዛሬ የተሳሳተ ካሜራ የገዛ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው በእጥፍ ይከብዳል።

ካርዱ ምን ይላል?

የካሜራ አምራቾች ዋስትና በአብዛኛው አገር ወይም ቀጠና ለይቶ የሚሰጥ ነው። ካኖንም፣ ኒኮንም፣ ሶኒም ቦዲ (ሌንስ ያልተገጠመለትን የካሜራውን አካል) ሲሸጡ ዋስትናውን የሚሰጡት ዕቃው ለተላከበት ገበያ ነው። ለዱባይ ገበያ የተላከው እዚያ ይጠገናል። ለአሜሪካ የተላከው እዚያ ይጠገናል። የኒኮን የአሜሪካ ድርጅት በራሱ በኩል ወደ አገር ያልገባን ካሜራ ባለቤቱ «ከፍዬ ላሠራ» ቢልም አልቀበልም ማለቱ በፎቶ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ካሜራ ደግሞ መነሻው ብዙ ነው። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ አለ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አለ። ጃፓን ውስጥ ተሸጦ፣ ሰው ተጠቅሞበት፣ እጅ በእጅ እኛ ጋ የደረሰ አለ። አንዳንዴ ቦዲው ላይ የተጻፈው ስም ራሱ ይናገራል። እኛ ካኖን 700ዲ የምንለው አሜሪካ ውስጥ ሬብል ቲ5አይ ተብሎ ነው የሚሸጠው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ኪስ ኤክስ7አይ ነው። ካሜራው አንድ ነው፤ ገበያው ሌላ ነው። ቦዲው ላይ «ሬብል» ተጽፎ ሻጩ «የዱባይ ጋራንቲ አለው» ካላችሁ አንዱ ትክክል አይደለም።

ሶኒ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጃፓን ገበያ ከሚወጡት የሶኒ ካሜራዎች ብዙዎቹ ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው። ቋንቋ መቀየሪያ የላቸውም። ሻጩ «በኋላ ይስተካከላል» ቢላችሁ አትቀበሉ። ሜኑውን እዚያው ከፍታችሁ እዩ፣ እንግሊዝኛ ከሌለው ተዉት።

ካርዱ በእጃችሁ ሲገባ አንብቡት። የየትኛው አገር እንደሆነ ይጻፋል። የሸጠው ድርጅት ማኅተም ያስፈልገዋል። የተሸጠበት ቀን ያስፈልገዋል። ካርዱ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር ቦዲው ሥር ካለው ጋር መግጠም አለበት። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ግን ምንም ያልተሞላ ካርድ ነው። ያልተሞላ ካርድ የትም አገር ቢወሰድ ዋጋ የለውም።

ተሞልቶ ተገኘ እንበል። የዱባይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ያለ ሰው ምን ያደርግበታል? የሚሄድ ሰው መፈለግ አለበት። የሚሄደው ሰው እዚያ የጥገና ማዕከሉን ፈልጎ ማስረከብ፣ እስኪሠራ መጠበቅ ወይም ሌላ ተረካቢ ማግኘት አለበት። ካሜራው ሲመለስ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ይህ ሁሉ በጥር ከሆነ፣ የሰርጉ ወቅት አልፎ ጾሙ ይገባል። የጋራንቲው ጥገና ነጻ ቢሆንም ያመለጠው ሥራ ከጥገናው ይበልጣል።

ሌላም አለ። ዋስትና የሚሸፍነው የፋብሪካ ጉድለትን ነው። ውሃ የገባበትን፣ አሸዋ የገባበትን፣ የወደቀን፣ ያልተፈቀደለት ባለሙያ የፈታውን አይሸፍንም። የእኛን ሥራ ደግሞ አስቡት። ጥምቀት ላይ ጸበሉ ሲረጭ ካሜራ ማኑ ከሕዝቡ ፊት ቆሟል። ኢሬቻ ላይ እርጥቡ ሣር ውሃውን የሚያራግፈው ሌንሱ ላይ ነው። ደመራ ሲቃጠል አመዱ ከላይ ይወርዳል። በጥር አዲስ ሰፈር ውስጥ ሙሽራ የምታልፍበት ኮረኮንች መንገድ አቧራው ለሰዓት አይበርድም። ከዚህ ሁሉ የሚመጣውን ጉዳት የትኛውም ካርድ አይቀበልም። ስለዚህ እውነተኛ ጋራንቲ ቢኖር እንኳ በእኛ ሥራ ላይ ካሜራን ከሚጎዱት ነገሮች ግማሹን አይነካም ብል አላጋነንኩም።

ኮዬ ፈጬ የሚሠራ አንድ ወዳጄ አዲስ የተባለ ካሜራ ገዝቶ ሁለት ወር ሳይሞላው ሻተሩ፣ ፎቶ ሲነሳ የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ቆመበት። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ነው የቆመው። ስክሪኑ ላይ ኤረር መጣ። ባትሪውን አወጣ፣ አስገባ፣ ያው ነው። ሌንስ ቀየረ፣ ያው ነው። የቀረውን ሰርግ ጓደኛው በሞተር ባመጣለት ካሜራ ጨረሰ። በማግስቱ ሱቁ ሄደ፤ ከኮዬ መሐል ከተማ ድረስ በሦስት ታክሲ። ሱቁ «ጋራንቲው የፋብሪካው ነው፣ የኛ አይደለም» አለው። ካርዱ ሲታይ የሌላ አገር ነው። ደረሰኝ ሲጠየቅ ደግሞ ያለው በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ሆነ። የሞዴሉ ስምና የብሩ መጠን አለው። ሲሪያል የለውም፣ ቀን የለውም፣ ማኅተም የለውም። በምን ይያዛቸው? ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ገንዘቡንም በላቡ ነው ያገኘው። የጎደለው ነገር አንድ ወረቀት ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

አዲሱ ነው ወይስ ያገለገለው?

ወረቀቱ እኛ ጋ የማይደርስ ከሆነ አስተማማኝነትን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። እኔ የምለው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከሞዴሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈተና እና ሻጩ ከሚፈርመው ወረቀት።

ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚበላሽበት ጊዜ የታወቀ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ላይ ብልሽት ይበዛል። መሐል ላይ ይቀንሳል። ዕቃው ሲያረጅ እንደገና ይጨምራል። የመጀመሪያው ብልሽት የፋብሪካ ጉድለት ነው፤ ያልተገጠመ ገመድ፣ ደካማ ሞተር፣ በደንብ ያልተበየደ ነጥብ። የመጨረሻው ከአገልግሎት ብዛት የሚመጣ ነው። የፋብሪካ ዋስትና በዋናነት የሚጠብቀን ከመጀመሪያው ነው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። የማይሠራ ጋራንቲ ያለው አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው ያንን የመጀመሪያ አደጋ ብቻውን ተሸክሟል። በሌላ በኩል 30,000 ክሊክ የሠራ (30,000 ጊዜ ያነሳ)፣ ያልተፈታ፣ ባለቤቱ የሚታወቅ ካሜራ ያንን ወቅት አልፎታል። ስለዚህ «አዲስ ነው» የሚለው ብቻውን አያሳምነኝም። የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነና ጋራንቲው እዚህ የማይሠራ ከሆነ እኔ በደንብ የተመረመረውን ስላይትሊ ዩዝድ፣ ማለትም በጥቂቱ ያገለገለውን፣ እመርጣለሁ። በተረፈው ብር ሁለተኛ ቦዲ መጀመር ይቻላል።

የስላይትሊ ዩዝድ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ምን ያህል «ስላይትሊ» እንደሆነ ማን ያውቃል? እዚህ ላይ የሻተር ቁጥር ይመጣል። አምራቾች ብዙ ጊዜ ሻተሩ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንዲዘጋ ተደርጎ እንደተፈተነ ይናገራሉ። ካኖን 6ዲ 100,000 ነው። 5ዲ ማርክ 3 እና ማርክ 4 150,000 ናቸው። ኒኮን ዲ750 150,000፣ ዲ850 200,000 ነው። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 200,000 ነው። ለጋዜጠኞችና ለስፖርት የሚሠሩት ካኖን 1ዲኤክስ ማርክ 2 እና ኒኮን ዲ5 400,000 ይደርሳሉ። ቁጥሩን ያለፈ ካሜራ በማግስቱ ይሞታል ማለት አይደለም። ሳይደርስበት የሚሞትም አለ። ግን ምን ያህል እንደተጠቀመ ለመገመት ጥሩ መለኪያ ነው።

አንድ ሰርግ ላይ 2,500 ፎቶ የሚያነሳ ሰው በዓመት 40 ሰርግ ቢሠራ 100,000 ክሊክ ሞላ። በአንድ ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ «አንድ ዓመት ብቻ ነው የተሠራበት» የሚለው ቃል ሻጩ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ምንም አይነግራችሁም። የቤተሰብ ፎቶ የሚያነሳ ሰው በአምስት ዓመት 10,000 ላይደርስ ይችላል።

ቁጥሩን ማንበቢያው እንደ ብራንዱ ይለያያል። ኒኮን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። አንድ ጄፔግ አንስታችሁ መረጃውን በሚያነብ ፕሮግራም መክፈት ነው። ብዙ የሶኒ ሞዴሎችም እንዲሁ ናቸው። ካኖን በአብዛኛው ፋይሉ ላይ አይጽፈውም። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በፕሮግራም ይነበባል። ስለዚህ ካኖን ልትገዙ ስትሄዱ ላፕቶፕና ገመድ ያስፈልጋችኋል። ሻጩ «ላፕቶፕ ምን ያደርጋል?» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይዘነጋል። የሻተር ቁጥር ቪዲዮን አይቆጥርም። ሰርግ በቪዲዮ ሲሠራ የኖረ ካሜራ 15,000 ክሊክ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር፣ ቦርዱና ስክሪኑ ግን ለብዙ መቶ ሰዓታት ሲሞቁ ኖረዋል። ያንን የሚነግሯችሁ ሌሎች ምልክቶች ናቸው። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ላልቶ ይወዛወዛል። የሚገለጠው ስክሪን ማጠፊያው ይለቃል። ከሥር ትራይፖድ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያብረቀርቃል። የሪከርድ ቁልፉ ጽሑፉ ጠፍቷል። ክሊኩ ትንሽ፣ ቦዲው ግን የደከመ ከሆነ የቪዲዮ ካሜራ ነው የያዛችሁት። መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ዋጋው ግን በክሊኩ መቆረጥ የለበትም።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ

«ይህ ብራንድ አይበላሽም» የሚል ሰው አትስሙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶኒ የሠራቸው ሲሲዲ የሚባሉ ሴንሰሮች ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ምስል እያበላሹ መሆናቸው ይፋ ሆነ። ሴንሰሩን የሚጠቀመው ሶኒ ብቻ አልነበረም። ካኖን፣ ኒኮን፣ ፉጂፊልምና ሌሎችም ካሜራቸው ውስጥ አስገብተውት ስለነበር ነጻ ጥገና ለማወጅ ተገደዱ። ኒኮን ዲ600ን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ ገዢዎች ፎቶአቸው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ማየት ጀመሩ። በዓመቱ በዲ610 ተተካ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው ዋስትናው ያለፈበትንም ዲ600 ጭምር በነጻ እንደሚመረምርና ሻተሩን እንደሚቀይር አስታወቀ። ዲ750ም እ.ኤ.አ. በ2015 በሻተሩ ምክንያት ለጥገና ተጠራ። በ2016 እና በ2017 ጥሪው ሰፋ። የትኛው ካሜራ እንደሚመለከተው የሚታወቀው በሲሪያል ቁጥሩ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ አምራቾች ትልቅ ጉድለት ሲገኝ ብዙ ጊዜ ያስተካክላሉ። ይህን ልናመሰግን ይገባል። ሁለተኛ፣ ያ ማስተካከያ የሚደርሰው የጥገና ማዕከላቸው አጠገብ ላለ ሰው ነው። ሳይስተካከል የቀረው ካሜራ ተሸጦ ተሸጦ እኛ ጋ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድን ሞዴል ከመግዛታችሁ በፊት ስሙን ከ«ሪኮል» (የአምራቹ የጥገና ጥሪ) ጋር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ዲ750 ከሆነ ሻተሩ ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ሻጩን ጠይቁ። የማያውቅ ከሆነ ዋጋው ላይ ይታይ።

ሞዴል ስትመርጡ ሌላም የምመክረው አለ። ገበያው ራሱ እየጠበበ ነው። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር እንዳስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ ቀርቦ ነበር። በ2023 ቁጥሩ 8 ሚሊዮን አልሞላም። ስልኩ ወሰደው። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ጉልበታቸውን ወደ ሚረርለስ፣ ውስጡ መስታወት ወደሌለው ካሜራ፣ አዙረዋል። አምራች አንድን ሞዴል ካቆመ በኋላ መለዋወጫ የሚያቀርበው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ የሞተ ካሜራ ነው። ስለዚህ በብዛት የተሸጠ፣ በሰፈራችሁ ሰው እጅ የሚታይ ሞዴል ምረጡ። የሞተው ካሜራም የሚገኘው፣ የሚፈታው ባለሙያም እጁ የለመደው እሱን ነው። ብርቅ ካሜራ ፎቶው ያምራል፤ ሲቆም ግን ብቻችሁን ናችሁ።

ለዳር ሰፈር ሰው ይህ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። ጥገናው ፒያሳ ወይም ቦሌ ነው። ሰርጉ ግን አሁን ነው፣ እዚህ ነው። ተመሳሳይ ሞዴል ያላቸው ሦስት ልጆች አንድ ሰፈር ካሉ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ሌንስ ይዋዋሳሉ። ሰው ሲቸገር ቦዲውንም ይሰጣሉ። ይህን አስባችሁ ከሥራ ጓደኞቻችሁ ጋር ተመካክራችሁ ግዙ።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ

ብዙው ግዢ አሁን በቴሌግራም ነው። ፎቶ ይለጠፋል፣ «ዋጋ በውስጥ» ይባላል፣ መገናኛ ወይም ቦሌ አካባቢ ካፌ ውስጥ ትገናኛላችሁ። ካፌው ከፊል ጨለማ ነው። ሻጩ ይቸኩላል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ቀን ላይ ቅጠሩት፣ ከካፌው ውጡ፣ የራሳችሁን ሜሞሪ ያዙ።

መጀመሪያ ብሎኖቹን እዩ። ራሳቸው የተፋቀ ከሆነ ተከፍቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ሌንሱን አውልቁ፣ የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል አብሩበት፣ ከፊት እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ጭረት ካለ ፈንገስ ነው፤ ተዉት። ከዚያ ሌንሱን ግጠሙና ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ (አፐርቸሩን) ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ላይ አድርጋችሁ ሰማይን ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ጥግ ጥጉን እዩ። ጥቂት ጥቁር ነጥብ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። ጠርዙ ደብዘዝ ያለ፣ ብዛት ያለው ነጠብጣብ ግን የዘይት ምልክት ሊሆን ይችላል። የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ ረዘም ባለ ጊዜ አንድ ፎቶ አንሱ፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ነጥቦች ከታዩ ፒክስሉ ጋሏል ወይም አንድ ቀለም ላይ ተጣብቋል።

አሁን ሻተሩን በከፍተኛ ፍጥነት፣ 1/4000 ላይ፣ በደማቅ ብርሃን ደጋግማችሁ ተኩሱ። የፎቶው አንድ ወገን እየጠቆረ ከመጣ ሻተሩ ደክሟል። ካኖን ላይ ኤረር 30 ከመጣ ጉዳዩ የሻተር ነው። ኤረር 01 ከሆነ ሌንሱና ቦዲው አልተግባቡም። የመገናኛ ነጥቦቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ ሌላ ሌንስ ሞክሩ። ሲኤፍ ካርድ የሚወስድ ካሜራ ከሆነ፣ ለምሳሌ 5ዲ ማርክ 2፣ የካርዱን ማስገቢያ በመብራት እዩ። ውስጡ ካሉት ቀጫጭን መርፌዎች አንዷ ከታጠፈች ወጪው ትልቅ ነው።

ባትሪውን አትርሱ። የካኖን ኤልፒ-ኢ6 ባትሪ አስመሳይ ገበያ ሞልቶታል። ኦሪጅናሉ ሲገባ እሱን የሚቀበሉት ካሜራዎች ሜኑ ላይ ስለ ባትሪው መረጃ ያሳያሉ። አስመሳዩ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ያስወጣል። ሜሞሪም እንዲሁ ነው። 64 ጊጋ የተጻፈበት ግን 8 ጊጋ የሆነ ካርድ አለ። እስኪሞላ ጭናችሁ፣ መልሳችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና ሁሉም ፋይል መከፈቱን እዩ። ይህን ሳታደርጉ ሰርግ ላይ አትውሰዱት።

ካሜራው ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ እውነተኛው ፈተና ይጀምራል። አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አሠሩት። ቪዲዮ ረዥም ሰዓት አስቀርጹት፣ እስኪሞቅ። በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አንሱበት። በፍላሽ፣ በሌሊት፣ በፀሐይ ሞክሩት። የፋብሪካ ጉድለት ካለው ቶሎ እንዲወጣ ነው የምትፈልጉት። ለዚህም ነው ለጥር ሰርግ በጥር መግዛት የሌለባችሁ። በኅዳር ግዙ፣ በነቢያት ጾም ፈትኑት። ለሚያዝያው ደግሞ በዓቢይ ጾም ግዙ።

ወረቀቱ

ቶሎ መፈተን ለሕግም ያስፈልጋል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃውን መልሶ፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ፣ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ከዚህ የተሻለ ጋራንቲ ወይም ውል ካለው ያም እንደተጠበቀ ነው። አዋጁ ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥም ያስገድዳል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይህን መብት አያጠፋውም። አዋጁ የሚይዘው ነጋዴን ነው። ከግለሰብ ከገዛችሁ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አለላችሁ። በእሱ መሠረት ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው። ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ካሳወቀ በኋላ ክስ ለማቅረብ አንድ ዓመት አለው። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚለው ውል አያድነውም።

ስለዚህ የ15 ቀን የአገር ውስጥ መብት ከዓመት የሌላ አገር ካርድ ይበልጥባችኋል። ግን ያለ ደረሰኝ ሁለቱም የሉም። «ቫቱን ልተውላችሁ፣ ያለ ደረሰኝ ልቀንስላችሁ» የሚል ሻጭ የሚቀንሰው ይህንን መብታችሁን ነው። ቅናሹ ምንም ያህል ቢመስል አትቀበሉት። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ የቦዲውና የሌንሱ ሲሪያል፣ ቀኑ፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ ያገለገለ ከሆነም የሻተር ቁጥሩ ይጻፍ። ሱቁ የራሱን ጋራንቲ ከሰጠ ለስንት ጊዜ እንደሆነና ሲበላሽ ይጠግናል፣ ይቀይራል ወይስ ገንዘብ ይመልሳል የሚለው ይጻፍ። ሦስት መስመር ነው። የሚተማመን ሻጭ አይከብደውም። ከግለሰብ ስትገዙም በአንድ ወረቀት ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ መታወቂያውን ፎቶ አንሱ፣ ክፍያውን በባንክ አድርጉ። ጉድለት ስታገኙ ደውላችሁ ብቻ አትቅሩ፤ ቀኑ እንዲታወቅ በቴሌግራምም ሆነ በጽሑፍ መልእክት አሳውቁ።

ካሜራውን የሚያኖረው ቀሪው ነገር በእጃችሁ ነው፤ ብዙ አልዘረዝርም። አቧራ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። ክረምት ላይ ካሜራውን በቆዳ ቦርሳ ዘግታችሁ አታስቀምጡ። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር አድርጉት። መብራት በየጊዜው ሄዶ በሚመጣበት ሰፈር ቻርጀሩን ሰክታችሁ አትተኙ፤ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው የሚያቃጥለው።

አቤቱታ ካላችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ለሻጩ ፈቃድ የሰጠው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ገላንና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ነዋሪው ካሜራውን የሚገዛው ግን አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና አድራሻ መኖሩን እዩ፣ የትኛው ቢሮ እንደሚመለከተው የሚታወቀው በእሱ ነው። የንግድ ቢሮዎቹም ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ቀላል ነገር አለ። ጋራንቲ አለው ብሎ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ጋራንቲው የየት አገር እንደሆነና እዚህ ማን እንደሚቀበለው ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ያስገድዱ። የሚቀበል ከሌለም «እዚህ አይሠራም» ብሎ ይጻፍና ገዢው ዋጋውን በዚያው ልክ ይከራከር።